የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ቅሪት በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች

ለወረርሽኝ መጠባበቂያነት የሚከማቸውና ታሚፍሉ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ኦሴልታሚቪር በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ዘዴ በቀላሉ አይወገድም። መድኃኒቱ በጉበት ውስጥ ቫይረሱን ወደሚገታው ኦሴልታሚቪር ካርቦክሲሌት ከተለወጠ በኋላ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ይህ ንጥረ ነገር በኬሚካልም ሆነ በባክቴሪያ በሚካሄደው ማጣሪያ ሳይቀንስ እንደሚያልፍ ገልጸዋል። በጃፓን ኪዮቶ በ2008/09 የኢንፍሉዌንዛ ወቅት ቅሪቱ በወንዝ ውሃ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ ፍሳሹን በመጨረሻ በኦዞን ጋዝ ማከም መጠኑን በእጅጉ እንደሚቀንሰው ታይቷል።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተፈጥሯዊ ተሸካሚ የሆኑት የዱር ዳክዬዎች በመሰል ውሃዎች መዋላቸው ጉዳዩን አሳሳቢ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የሙከራ ጥናት፣ ቅሪቱ በተጨመረበት ውሃ በቆዩ ዳክዬዎች ላይ ቫይረሱ መድኃኒቱን የመቋቋም ባሕርይ አዳብሯል።