የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቻርጀር

እ.ኤ.አ. በ1997 የጆን ጉዲናፍ ቡድን በቴክሳስ ይፋ ባደረገው ኬሚስትሪ ለተሠራ ባትሪ የሚስማማ ቻርጀር። አንድ ሴል ሲሞላ 3.65 ቮልት ስለሚደርስ፣ ባለ አራት ሴሉ የ«12 ቮልት» ባትሪ ከ14.6 ቮልት ማለፍ የለበትም። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተር ለሚጠቀም የጎንደር ነዋሪ የአሲድ ባትሪ ቻርጀር አይመከርም፤ አንዳንዱ ሴሎችን ለማመጣጠን ከ15 ቮልት በላይ ይልካል። ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ50 አምፔር ያልበለጠ ቻርጀር ይበቃል።

ደጋው ላይ ዋናው ጠላት ብርድ ነው። በስሜን ተራሮች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት የሶላር ፓነሉ ፀሐይ እንዳገኘ የቀዘቀዘውን ባትሪ መሙላት ይጀምራል። ያኔ ሊቲየሙ በሴሉ ውስጥ ወዳለው የግራፋይት ኤሌክትሮድ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ በብርድ ሙሌትን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ የግድ ያስፈልጋል፤ ባትሪውም ቤት ውስጥ ይቀመጥ።