ዓይኑ ሰማይ ላይ የሆነ እንግዳ

ከደባርቅ ተነስቶ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እያቋረጠ፣ የቧሂትን ማለፊያ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው መንገድ መካነ ብርሃን ያደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ድሮን ለማስነሳት ገደል አፋፍ የቆመ ሰው እጁ መቆጣጠሪያው ላይ፣ ዓይኑ አንዴ ስክሪኑ አንዴ ሰማዩ ላይ ነው። ቦርሳው፣ ትርፍ ባትሪውና ስልኩ ከኋላው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብቻውን ከሆነ የሚያይለት የለም።

ይህ ችግር ከድሮን ይቀድማል። ውድ መሣሪያ ይዞ ወደዚህ ደጋ የወጣና ሥራው ሽቅብ እንዲያይ የሚያስገድደው እንግዳ ከ250 ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ያ ታሪክ ስለ ቁልፍና ስለ ሳጥን ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ሰው ነው፦ እንግዳውን ማን ተቀበለው? ዕቃው ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ዝርፊያን ቀምሶታል። ሊቢያ ጠረፍ ላይ መርከቡ ተሰብሮ ነፍሱን ይዞ ሲወጣ የባሕሩ ዳር ሰዎች ደብድበው ገፈፉት፤ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎቹም ጠፉ። በኋላ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ትልቅ የናስ ኳድራንት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1769 ከምጽዋ ተነስቶ የጣራንታን ተራራ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ በዚያ ሸክም ተማረሩ፤ ብሩስ ራሱ ያሲን ከሚባል የመንገድ ጓደኛው ጋር ተሸክሞ አወጣው። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ሊማሊሞን አልፎ ጎንደር ደረሰ።

ከእርሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንን ዞሮ የዋልያንና የጭላዳን ሳይንሳዊ መግለጫ ጻፈ። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 ራስ ደጀንን ወጡ። አንቷን ዳባዲ ደግሞ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል አገሩን እየዞረ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ አቅጣጫ ሲለካ ኖረ። ልኬቱ ወደ ካርታ ተለውጦ፣ ኋላም በመጽሐፍ ታተመ። የእነዚህ ሁሉ ሥራ አፋፍ ላይ ቆሞ ማነጣጠር ነው፤ በዚያች ሰዓት ጀርባቸውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው በቤተ መንግሥቱም በመኳንንቱም ደጅ ስም ነበረው፤ ባልደረባ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ጌታው ከቤቱ ሰው አንዱን ይመድብለታል። ባልደረባው ጉዳዩን ያቀርብለታል፣ ማደሪያና ቀለብ ያሰጠዋል፣ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይሄዳል። ጠባቂም ተመልካችም ነበር፤ እንግዳው ምን እንደሚጽፍና ምን እንደሚለካ ለጌታው ሳይነግር አይቀርም። ጌታ የሌለው መንገደኛ የሚጠጋው ሲራራ ነጋዴን ነው። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው ጓዝ በነጋድራሱ ሥር ተሰብስቦ፣ በየኬላው ቀረጡን እየከፈለ፣ ማታ ማታ ጭነቱን በአንድ ቦታ ከምሮ በዙሪያው ያድራል። ሊማሊሞን ለብቻ ለመውጣትና ለመውረድ የሚደፍር ነጋዴ ብዙ አልነበረም።

ምክንያቱም መንገዱ ባለቤት አልነበረውም። በዘመነ መሳፍንት ከአንዱ ግዛት ወደሌላው መሻገር ከአንዱ ዋስትና ወጥቶ ወደሌላ አለመግባት ሊሆን ይችላል፤ ሽፍታ የሚጠብቀውም እዚያው መሐል ነው። ይህን ዘመን የዘጋው ፍልሚያ የተደረገው ደግሞ መካነ ብርሃን ባለችበት በጃናሞራ ነው። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ ድል ሆኑ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ካሳ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የተቀቡባት ቤተ ክርስቲያን ሆነች። የሕንፃዋን ሥራ ከመሩት አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር።

አዲሱ ንጉሥ ሰው ሁሉ ወደየአባቱ ሙያ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። በዚያን ጊዜ የነበሩ አውሮፓውያን በጽሑፋቸው አንድ ወግ ይተርካሉ። መሣሪያቸውን የታጠቁ ሰዎች ንጉሡ ዘንድ ቀርበው «የአባቶቻችን ሙያ ይጽናልን» አሉ። ሙያቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ መንገድ መዝረፍ መሆኑን ሳያፍሩ ተናገሩ። ቴዎድሮስ በሬና ሞፈር ልስጣችሁ ቢሏቸው እንቢ አሉ፤ እንደ ቃላቸው ፈቅደው ካሰናበቷቸው በኋላ ፈረሰኛ ልከው መንገድ ላይ አስጨረሷቸው። ወጉ ዝርዝሩ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ነገር ግን ንጉሡ መንገድ ማስከበርን የንግሥናቸው መለኪያ ማድረጋቸውን ያሳያል።

መለኪያው ሁልጊዜ አልያዘም። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ ጠረፍ ለመመለስ ከጎንደር ሲወጣ፣ በከተማዋ አቅራቢያ ዓመፀኛው ጋረድ ይዞ አቆሰለው። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ግን ከቁስሉ አልዳነም። የንጉሡ ወዳጅ መሆኑ ከከተማው ደጅ ወዲያ አልጠበቀውም።

ሌባው ካመለጠ በኋላስ? ለዚህ ደጋው ሁለት ሥርዓት ነበረው፤ አንዱ የሚያስፈራ፣ ሌላው የሚያደክም። የሚያስፈራው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ የተቀመመ መጠጥ ይሰጠውና ትንባሆ ያጨሳል። ከሰከረ በኋላ ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ በመንደሩ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ስለዚህ ሥርዓት ጽፏል። የሌባሻዩ ሹም ልጁን በመቀነቱ ወዴት እንደሚስበው ለመጠርጠር ብዙ ብልህነት አያስፈልግም፤ ስንት ንጹሕ ሰው እንደከፈለበት መገመትም አይከብድም። ሥርዓቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተከልክሎ ቀረ።

የሚያደክመው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ስርቆት ሲፈጸም ጭቃ ሹሙ ያገሩን ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበስባል፤ የቀረ ይቀጣል። በምሥጢር የተመረጡ «ወፎች» የሰሙትንና ያዩትን ያመጣሉ፤ ስማቸው አይገለጥም፣ ምስክርነታቸው ግን ይታመናል። እርሻው ቆሞ፣ ከብቱ ሳይታይ፣ ስብሰባው ለቀናት ይቀጥላል። ሌባው ካልተገኘ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ በመንደሩ ያደረ የእንግዳ ሻንጣ የሁሉም ዕዳ ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቀውም ከደግነት ብቻ አይደለም። ጥላቻ ያለበት ሰው «ወፍ» ሲሆን ደግሞ ሥርዓቱ ቂም መወጫ ይሆናል።

ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ አያበቃም፤ ዕቃው የሚጠበቅለት እንግዳም ይሰርቃል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ለወራት ተቀመጠ። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የጥንት ሥዕሎችን አንስቶ፣ በቦታቸው ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ የሠራቸውን ቅጂዎች ለጥፎ ሄደ። የልዑኩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ የልዑኩን አሰባሰብ ሳይሸሽግ ጽፎታል። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ካሜራና መለኪያ ይዞ የሚዞር ፈረንጅ ሲታይ ካህናቱ ቁልፋቸውን ቢደባብሱ ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቁሞ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከላሊበላ ጋር ሲሰፍር፣ የባልደረባው ሥራ ሌላ ልብስ ለበሰ። ጎብኚ ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያውን ሲከፍል ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። ስካውቱ የአካባቢው ልጅ ነው። በየመንደሩ ዘመድ አለው፤ እረኛውን በስሙ ይጠራዋል። እንግዳ ወደ ጭላዳዎቹ ሲጠጋ ይመልሰዋል፣ ካምፕ ላይ ሌሊት እሳት አጠገብ ይቀመጣል። እርሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከቦርሳ ምግብ የሚመነትፈው ቁራ ነው፤ ለቁራ ስካውትም ባልደረባም አልተገኘለትም።

ድሮን የያዘ ሰው ግን ደባርቅ ከመድረሱ በፊት ቦሌ ላይ ይጠየቃል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሌለውን ጉምሩክ ይይዘዋል። በየኬላው የነበረው ፍተሻ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። እንግዳው ምን ይለካል የሚለው የዳባዲ ዘመን ጥርጣሬም አልጠፋም፤ እንዲያውም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከብዷል። ድሮን የሚለውን ስም አርሶ አደሩ የሰማው ከካሜራ ጋር ሳይሆን ከፈንጂ ጋር ነው። ከሰማይ የሚመጣ ጥዝዝታ ልጆችን ወደ ቤት ያስሮጣል። ባላወቀው መንደር ላይ ብቻውን ድሮን የሚያስነሳ ሰው ከሌባ በፊት የሚያስቸግረው ይህ ፍርሃት ነው፤ ለዚህም የቀበሌውን ሊቀ መንበርና ሚሊሻውን አስቀድሞ ማነጋገር ከማንኛውም ማሰሪያ ይበልጣል።

ሕጉም ተለውጧል። ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወዲህ ስርቆት የሰራቂው የግል ጥፋት ነው፤ አገሬው አዋጥቶ የሚከፍለው ካሳ የለም። መንደሩ የሌባውን ዕዳ አይሸከምም፣ ባለ ድሮኑም የመንደሩን ዋስትና አያገኝም። የጠፋበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ዕቃው የእርሱ መሆኑን ማስረዳት አለበት። እዚያ ላይ ሲገባ ያስለፋው የቦሌው ወረቀት ይጠቅመዋል፤ የድሮኑ መለያ ቁጥር ተጽፎበታልና። ብልህ የሆነ ቅጂውን ስልኩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሌላ ቦታም ያስቀምጣል፤ ስልኩ ከድሮኑ ጋር በአንድ ቦርሳ ሊሄድ ይችላል።