«ገዳይ» እና «ነፍሰ ገዳይ»

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን ስለሚነገር አንድ ቃል ነው።

በዐረብኛ መግደል «ቀትል»፣ ገዳዩም «ቃቲል» ይባላል። ግዕዝም «ቀተለ» ሲል ገደለ ማለቱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸውና የቃሉ ሥር አንድ ነው። አማርኛ ግን «ገደለ» የሚለውን ያዘ። ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ፣ በጦር ሜዳ ጠላቱን የረታ ሰው «ገዳይ» እየተባለ ሲፎከርለት ኖሯል። በዚሁ ቃል ላይ «ነፍስ» ሲጨመርበት ግን ውዳሴው ይቀርና «ነፍሰ ገዳይ» የሚል የወንጀለኛ ስም ይሆናል።

«ነፍስ» በዐረብኛም ያው «ነፍስ» ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ የሁለቱን የአደም ልጆች ታሪክ ከተረከ በኋላ፣ በ32ኛው አንቀጽ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ ማጥፋት ሰዎችን ሁሉ እንደማጥፋት መሆኑን ያስተምራል።

በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች የዘመዳቸውን ደም መበቀልን «ሠእር» ብለው እንደ ክብር ይቆጥሩት ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ632 እ.ኤ.አ) በመሰናበቻው ሐጅ ኹጥባቸው የጃሂሊያን የደም በቀል ሻሩ። የጀመሩትም ከራሳቸው ቤተሰብ ነው፤ በሁዘይል ጎሳ የተገደለውን የአጎታቸውን ልጅ የረቢዓ ኢብኑል ሓሪሥን ልጅ ደም ተዉት።

ሸሪዓ ሆን ተብሎ የተፈጸመን ግድያ በስሕተት ከደረሰው ይለያል። የኒሳእ ምዕራፍ 92ኛው አንቀጽ ስለ ስሕተቱ፣ 93ኛው ሆን ተብሎ ስለሚፈጸመው ይናገራል። ቂሷስም ቢሆን በዳኛ ፍርድ እንጂ በሟች ወገን ጥይት አይፈጸምም። ቤተሰቡ ዲያ መቀበል ወይም ይቅር ማለት ይችላል። የ1996 ዓ.ም የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን፣ በ543 በቸልተኝነት መግደልን ለይቶ ያስቀምጣል።

እኛ ግን በአማርኛችን «ደም መላሽ» የሚል ሌላ ስም አለን። ቃሉ ያማረ ይመስላል፤ ነፍሱን ግን ደብቆታል። የወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ የኖሩት ይህ ስም ሌላ ሬሳ እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን «የአጎትህን ደም መልስ» ስትሉት «ነፍሰ ገዳይ ሁን» ማለታችሁ ነውና አንደበታችሁን ጠብቁ። አላህ (ሱ.ወ) ከነፍስ ዕዳ ይጠብቀን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።