ከጅሬን ሥር የታተመውን ጆርናል ፍለጋ

አንድ ጽሑፍ መፈለግና አንድ ጆርናል መፈለግ ለየቅል ናቸው። ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ርዕሱን ጎግል ላይ ጽፎ የመጣለትን ይከፍታል። ጆርናል የሚፈልግ ሰው ግን የጆርናሉን ሙሉ ስም፣ አሳታሚውንና የሚፈልገው ዓመት በየትኛው የመረጃ ቋት ውስጥ እንደሚገኝ ማወቅ አለበት። ይህን ሳይለዩ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጡ ብዙዎች «የለም» ብለው ይነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አለ።

ምሳሌያችንን ከጅማ እንውሰድ። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል በምትታየው ከተማ ጅማ ዩኒቨርሲቲ «ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ሳይንስስ» የተባለ የጤና ሳይንስ ጆርናል በእንግሊዝኛ ያሳትማል። አጋሮ ላይ የሚሠራ ሐኪም የዚህን ጆርናል አንድ የቆየ ጽሑፍ ፈለገ እንበል። ጽሑፉ የታተመው እሱ ካለበት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ሌላ ጆርናል ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ስም ነው። «ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዲቨሎፕመንት» የሚባል ሌላ ጆርናል አለ፤ የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ነው። በማጣቀሻ ላይ ሁለቱም ስማቸው አጥሮ ስለሚጻፍ ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ትሆናለች። «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» ሲታከልበት ደግሞ መደናገሩ ይብሳል። የቤተ መጻሕፍት ማውጫ ሙሉውን ስም ስለሚጠይቅ፣ በምህጻረ ቃል የተጻፈ ማጣቀሻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ ገጽ ቢያይ አይገርምም።

መፍትሔው ቁጥር ነው። የሕግ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። «የቡና አዋጅ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተሻረውን 602/2000 ሊያገኝና በሥራ ላይ ያለ ሊመስለው ይችላል፤ 1051/2009 ብሎ የጠየቀ ግን የተተካውን አዋጅ ያገኛል። ጆርናሎችም አይ.ኤስ.ኤስ.ኤን. የሚባል ባለ 8 አኃዝ መለያ አላቸው። የጅማው የጤና ጆርናል የወረቀት እትም መለያ 1029-1857 ነው። ይህ ቁጥር ማውጫው ላይ ከተጻፈ መምታታት የለም። የኤሌክትሮኒክ እትሙ የራሱ ሌላ ቁጥር ስላለው አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን መሞከር ነው።

ሁለተኛው ችግር ስም መቀየሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 ተዋሕደው ነው። ጆርናሉ ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረ ሲሆን ያን ጊዜ የኢንስቲትዩቱ «ቡለቲን» ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጽሑፎች የሚፈልግ ሰው በአሁኑ ስም ብቻ ከፈለገ ላያገኛቸው ይችላል፤ በቡለቲኑ ስም መፈለግ አለበት።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ጅማ በላቲን ፊደል ስትጻፍ አንዱ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው በሁለት «ኤም»፣ የድሮዎቹ ደግሞ «ዲ» አስቀድመው ነው። ከተማዋ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ስለ አካባቢው የተጻፉ ብዙ ጥናቶችም «ከፋ» በሚለው ስም ሥር ተመዝግበዋል። የጸሐፊ ስም ይብሳል። የውጭ ማውጫዎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩ ደራሲውን በራሱ ስም የፈለገ አንባቢ አያገኘውም። እኛ እርስ በርሳችን በአባት ስም የማንጠራራ ሕዝብ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንገባ የግድ የአባት ስም እንጠይቃለን!

ስሙና ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው በሩን ማግኘት ነው። ማውጫው ላይ የጆርናሉ ስም ሥር «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት» የሚል መስመር አለ። ብዙ ሰው አያነበውም። አንዱ ቋት የድሮውን፣ ሌላው የቅርቡን ይይዛል። ለምሳሌ ጄስቶር በብዙ ጆርናሎች ላይ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ሆን ብሎ ወደ ኋላ ያስቀራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናል የቆዩ ቅጾች ለማንበብ ግን ምቹ ነው። የጅማው የጤና ጆርናል የኋለኞቹ እትሞች በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፐብመድ ሴንትራል ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ደግሞ «ሚዛን ሎው ሪቪው»ን ጨምሮ ብዙ የኢትዮጵያ ጆርናሎችን በአንድ ቦታ ሰብስቧል። ይህን ሳያውቁ በአንድ አሳታሚ ገጽ ላይ ለአንድ ጽሑፍ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ተጠይቀው የተመለሱ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

ስለ ጅማ የተጻፈ ሁሉ ጅማ እንደማይታተምም ልብ ይሏል። በግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ስላለው ወባ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው «ማላሪያ ጆርናል» በተባለ የውጭ ጆርናል ላይ ነው፤ እሱም በነጻ ይነበባል።

በእኔ እምነት ዋናው ቅሬታ ሊነሣበት የሚገባው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ ያለ ባለሙያ፣ ማለትም የአጋሮው ሐኪም፣ የሊሙው ዐቃቤ ሕግ፣ የጎማው የግብርና ባለሙያ፣ በሩ ተዘግቶበታል። የቤተ መጻሕፍት ቋቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት ከግቢው ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው። ይህ ግን መፍትሔ አለው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው የዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የአሳታሚዎች ትብብር እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት ውድ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ ይከፍታል፤ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለሕግ ጎዋሊ የተባሉ ክፍሎች አሉት። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መመዝገብ ይችላሉ። የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ነው፤ ከአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ግን ምዝገባው ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ አንባቢ ነገ ቢሮው ሲገባ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ መሥሪያ ቤታችን ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ የይለፍ ቃሉ ማን ዘንድ ነው?

ይህም ካልሆነ የጆርናሉን ስም፣ ቅጹን፣ ቁጥሩን፣ ዓመቱንና ገጹን በአንድ ወረቀት ጽፎ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያው መስጠት ነው። ኮምፒዩተር ላይ ያልገቡ የቆዩ ቅጾች መደርደሪያ ላይ አሉ፤ አምስቱ ነገሮች ተሟልተው ከቀረቡ ቅጹን አውጥቶ ገጾቹን ኮፒ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው።