የኩሬዎቹ ትምህርት ቤት

በዓሣ ርባታ ሙያ የማስተርስና የዶክተርነት ትምህርት የሚሰጡ ተቋሞች ዛሬ በየክፍለ ዓለሙ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ግን፣ ይወቁትም አይወቁትም፣ በአሠራራቸው የአንድ ቦታ ባለዕዳዎች ናቸው። ይኸውም በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ፣ በኦበርን ከተማ የሚገኘው ዩኒቬርሲቲ ነው። ታሪኩን መለስ ብሎ መመርመር የሚጠቅመው ስመ ጥር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የምርምር ተቋም ከምን እንደሚሠራ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1902 የተወለዱት ሆመር ስዊንግል በ1929 ወደ ኦበርን የመጡት በተባይ ተመራማሪነት እንጂ በዓሣ ሊቅነት አልነበረም። ተቋሙም በዚያን ጊዜ የአላባማ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ይባል ነበር። ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፣ በአካባቢው ገበሬዎች ኩሬዎች ውስጥ የሚገኘው ዓሣ ቁጥሩ ብዙ፣ መጠኑ ግን ለመጥበሻ የማይበቃ የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ ፈለጉ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረባቸው ከኢ. ቪ. ስሚዝ ጋር ሙከራ ጀመሩ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት፣ የጥጥ መሬት የተሸረሸረበትና ገበሬው ሥጋ ያጣበት ዘመን ስለ ነበር፣ ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ አልነበረም።

የደረሱበት ምክንያት ቆሮሶ ያረባ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ብሉጊል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ያለ ልክ ይራባል፤ የሚበላው አዳኝ ከሌለ ግልገሉ ምግቡን ተሻምቶ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። በመሆኑም ባስ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ አብሮ ማኖር ያስፈልጋል። ለውሃው ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ ሲጨመርለት ደግሞ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅዋት ይበዛሉ፤ እነርሱን የሚመገቡ ደቃቅ እንስሳትና ትሎች ይከተላሉ፤ በእነርሱም ላይ ዓሣው ያድጋል። ስሚዝና ስዊንግል ይህንኑ በ1942 ለገበሬ በሚገባ ቋንቋ በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ።

ይሁን እንጂ ከግኝቱ ይልቅ የተገኘበት መንገድ ይበልጣል። በሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው መረብ ይጥላል፤ በመረቡ የገባውን አይቶ ያልገባውን ይገምታል። መረብ ደግሞ ይመርጣል፤ ትልቁን ይዞ ትንሹን ያሳልፋል፤ ብልሁም ዓሣ ያመልጠዋል። ኦበርኖች ግን በሙከራው መጨረሻ የኩሬውን ውሃ አፍስሰው እስከ መጨረሻው ግልገል ቆጠሩ፤ መዘኑም። ሁለት ኩሬዎች ጎን ለጎን ቢቆፈሩም አፈራቸውና የውሃ ስርገታቸው አንድ እንደማይሆን ስለ ተረዱ፣ አንዱን አሠራር በብዙ ኩሬዎች እየደጋገሙ ፈተኑት። ስለዚህም ሀብታቸው አንድ ትልቅ የሚያምር ኩሬ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ኩሬዎች ሆኑ። ስዊንግል በ1950 ያሳተሙት ስለ ተመጣጠነ የዓሣ ብዛት የሚናገረው ጥናት ከዚህ አድካሚ ቆጠራ የወጣ ነው። በኩሬው ውስጥ የሚበላው ዓሣ ክብደት ከአዳኙ ክብደት ከ3 እስከ 6 እጥፍ ሲሆን ሚዛኑ እጅግ ተፈላጊ ነው የሚለው ስሌት፣ ኩሬ ሳያደርቁ በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደረስበት አልነበረም።

ተማሪውም የተቀረጸው በዚሁ ነው። ኩሬ አይቸኩልም፤ አንድ ሙከራ አንድ የዕድገት ወቅት ይፈጃል። ዓሣው በኦክሲጅን እጦት የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ስለ ሆነ፣ የዶክተርነት ዕጩውም ጎሕ ሳይቀድ መለኪያውን ይዞ ከኩሬው ዳር መገኘት ነበረበት። ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ እዚያ የተማረው ይበዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተቋሙ በ1960 የኦበርን ዩኒቬርሲቲ ተባለ። በዚያው ዓመት ስዊንግል ሁለት ዓይነት ቆሮሶዎችን በአላባማ ኩሬዎች ያነጻጸሩበትን ጥናት አወጡ። የአሜሪካን አምባዛ ለገበያ ስለ ማድረስ ያደረጉት ሙከራም በደቡቡ ክፍል ኋላ ለተስፋፋው ርባታ መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። በ1970 በአሜሪካ መንግሥት የልማት ዕርዳታ ዓለም አቀፉ የዓሣ ርባታ ማዕከል ተቋቋመ፤ ከየአገሩም ተማሪዎች መጡ። ስዊንግል በ1973 ሲያርፉ ጥያቄው ገና በመለወጥ ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ፍሬ የሆኑት ክሎድ ቦይድ በ1979 ስለ ኩሬ ውሃ ጥራት መጽሐፍ አወጡ። ምን ያህል ዓሣ ይወጣል ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ከኩሬው የሚፈሰው ውሃ ወደ ወንዙ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ቆመ። የዘላቂ ርባታ ትምህርት የሚባለው ከዚህ ወዲያ የመጣ ነው።

በኢትዮጵያ ምርምሩ በአብዛኛው የተነሣው ከሐይቅ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና የጣና ዓሣዎች በብዙ የዩኒቬርሲቲ ጥናቶች ተመርምረዋል። የሰበታው ምርምር ማዕከል ኩሬዎች ቢኖሩትም፣ ስለ ኩሬ የተጻፈው ስለ ሐይቅ ከተጻፈው ጋር አይወዳደርም።

የኦበርን አሠራር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በሌላ በር ነው። በ1982 የአሜሪካ ዩኒቬርሲቲዎች ኅብረት አንድ ዓይነት የሙከራ ዕቅድ በተለያዩ አገሮች ኩሬዎች መፈተን ጀመረ። ኦበርን ከአባሎቹ አንዱ ሲሆን፣ ከሙከራው ሥፍራዎች አንዱ በሩዋንዳ፣ በቡታሬ አጠገብ ያለው የርዋሳቬ ጣቢያ ነበር። ኩሬዎቹ በከፍተኛ ሥፍራና በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስለ ነበሩ፣ ቆሮሶ በደጋ ምን ያህል ያድጋል ለሚለው፣ ለኢትዮጵያም ለሚጠቅመው ጥያቄ መልስ የሚጠበቅባቸው ነበሩ። በ1994 የዘር ማጥፋት ፍጅት በደረሰ ጊዜ ሥራው ተቋረጠ። ኩሬ ከተማረ ሰው ሊቆይ ይችላል፤ የተከታታይ ዓመታት መዝገብ ግን መዝጋቢው ሲጠፋ ይቆማል።

ፕሮግራሙ በአፍሪካ ሥራውን የቀጠለው በኬንያ፣ በሳጋና የዓሣ ርባታ ጣቢያ ነው። እዚያም ከሙከራው አስቀድሞ ያረጁትን ኩሬዎች ማደስ አስፈልጎ ነበር። ግድቦቹ ተጠገኑ፤ ከዚያም ዓሣው ተጨመረ።