ከተማ ማለት የጦር ሰፈር ነበር

«ከተማ» የምንለው ቃል ድሮ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? የእኛም ከተሞች ታሪክ ከዚሁ ይነሳል።

በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ ተሸንፈው ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ፣ በአገሩ ወታደር ሰፈረ። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመራ። ገባሩ እህሉንም ጉልበቱንም ያቀርብለታል። ሳይገዛ የሚበላ ሰው ደግሞ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል? ሸክሙ ሁሉ ገበሬው ላይ ወደቀ።

በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ በሚኤሶ አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1910ዎቹ ደግሞ ሩሲያ ውስጥ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ቆረቆሩ። የደጋው ቡና ወደ ሐዲዱ ወረደ፤ ገበሬና ነጋዴ ተገናኙ። ጭሮን ያቆማት ይህ ገበያ ነው።

ዛሬ ወታደር ደመወዝተኛ ነው፤ ይገዛል፣ በዱቤም ይወስዳል፣ ወሩ ሲያልቅ ይከፍላል። ግን ትእዛዝ ከመጣ ጦሩ በአንድ ሌሊት ይነሳል፤ ለባለሱቁ የዱቤ ደብተሩ ይቀርለታል። ስለዚህ ካምፕ አጠገብ ሱቅ ስንከፍት ወታደሩን በደንብ እናስተናግድ፤ ከገበሬው ጋር ያለንን ገበያ ግን አንልቀቅ። እሱ የትም አይሄድም።