የነሐሴ በረዶ በቺሌ ተራራ

ወገኖች፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም። የምጽፈው ስለ በረዶ ሸርተቴ ነው። "ይሄ ሰውዬ ዴንቨር ከገባ ወዲህ ፈረንጅ ሆነ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ታገሱኝ። እዚህ በብርድ ወራት ከኤርፖርት የምጭነው ሰው ግማሹ ሸርተቴውን በረጅም ቦርሳ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ወሬውም እሱው ነው። እኔ ራሴ አንድም ቀን ተንሸራትቼ አላውቅም። ታሪኩን ግን እወደዋለሁ፣ በተለይ የምህንድስናውን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍላችሁ።

የዓለም የአልፓይን ሸርተቴ ሻምፒዮና ከተራራ ቁልቁል እየወረዱ በሰዓት የሚለካኩበት ውድድር ነው። የመጀመሪያው በ1931 በስዊዘርላንድ፣ ሙረን በምትባል መንደር ተካሄደ። በ1950 ከአውሮፓ ወጥቶ እዚሁ ኮሎራዶ፣ አስፐን መጣ። ከምድር ወገብ በታች የወረደው ግን በታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1966፣ ቺሌ፣ ፖርቲዮ። የነሱ ክረምት ከኛው ክረምት ጋር ስለሚገጥም ውድድሩ የተደረገው በኦገስት ነው። እኛ ጋ ነሐሴ ሲገባ፣ ሰው ጃንጥላ ይዞ ጭቃ ሲረግጥ ማለት ነው።

ፖርቲዮ ከተማ እንዳትመስላችሁ። አንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከአርጀንቲና ድንበር አጠገብ ያለች አንድ ሐይቅና አንድ ትልቅ ቢጫ ሆቴል ናት። ከፍታዋ 2,880 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይበልጥም። ዙሪያዋን ያሉት ተራሮች ግን እንደ ግድግዳ የቆሙ ናቸው። ሸርተቴን ወደዚያ ያመጡት ደግሞ መሐንዲሶች ናቸው (ይሄን ስጽፍ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው)። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንዲስን የሚሻገረውን የባቡር መስመር ለማጥናት የተቀጠሩ ኖርዌያውያን በረዶውን የሚያቋርጡት በሸርተቴ ነበር። ባቡሩ በ1910 ሥራ ሲጀምር ሊፍት የሚባል ነገር እዚያ የለም፤ ሰው በባቡር ይወጣል፣ በሸርተቴ ይወርዳል።

ሆቴሉን መንግሥት ሠርቶ በ1949 ከፈተው፣ አላዋጣ ሲለው በ1961 ለአሜሪካኖች ሸጠው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ሄንሪ ፐርሴል የሚባል ልጅ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። እንግዲህ ሻምፒዮናውን ሊያስተናግድ የተነሣው ይህ አንድ ሆቴል ነው።

በኦገስት 1965፣ ውድድሩ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ከባድ ማዕበል መጣ። የበረዶ ናዳው ተከታትሎ ወረደና አብዛኞቹን ሊፍቶች ከነምሰሶዎቻቸው ጠራረጋቸው።

ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል፣ ዓባይ በረሃ መንገድ ላይ በጀማሪ መሐንዲስነት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱ ይላወሳል። እዚያ የሚንቀሳቀሰው በረዶ ሳይሆን አፈር ነው። በበጋ ስንጥቁን ትደፍናለህ፣ አስፋልቱን ታለብሳለህ፣ ክረምት ሲገባ ተራራው ውሃ ይጠጣና መንገድህን ይዞት ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ግንቡን ታወፍራለህ። ተራራው ግን የግንብህን ውፍረት አይቶ አያውቅም። ከሚንሸራተት ነገር ፊት የቆመ ሁሉ አንድ ቀን ይመታል፤ ስለዚህ የመሐንዲሱ ጥያቄ "ምን ያህል ላጠንክረው?" ብቻ ሳይሆን "ለምን እዚያ ይቆማል?" መሆን አለበት።

ፖርቲዮ ላይ ይህን ጥያቄ በትክክል የመለሰው ዣን ፖማጋልስኪ ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሊፍት የሚሠራው የፖማ ኩባንያ መሥራች። ናዳ ለሚወርድባቸው ገደላማ ቦታዎች የነደፈው ሊፍት አንድም ምሰሶ የለውም። ከላይ አለቱ ላይ ፑሊ ይታሰራል፣ በእሱ ላይ የብረት ገመድ ይዞራል፣ ሞተሩ ከታች ነው። አራት አምስት ሰው ጎን ለጎን ሸርተቴው ላይ እንደቆመ አንድ ዘንግ ይይዛል፤ አንዱ ዘንግ ሲወጣ ሌላው ባዶውን ይወርዳል፣ እንደ ሚዛን። ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልና ሰዎቹ ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ይለቃሉ። ለጀማሪ አይመከርም! ናዳው ግን ሲመጣ መሀል መንገድ ላይ የሚያገኘው ምሰሶ የለም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ስሙን በፈረንሳይኛ "ቫ ኤ ቪያን" ይሉታል፣ ሂያጅ መጪ እንደማለት ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ፤ ወረፋ ስጠብቅ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ስሥለው ነበር።

ሊፍቶቹ በዓመት ውስጥ ተተኩ፣ ሻምፒዮናውም ተካሄደ። ፈረንሳዮች ከ24 ሜዳሊያ 16ቱን ወሰዱ። ዣን ክሎድ ኪሊ የቁልቁል ሩጫውንና ጥምሩን አሸነፈ።

የሴቶቹን የቁልቁል ሩጫ ያሸነፈችው ከኦስትሪያ የመጣች የ18 ዓመት የገበሬ ልጅ፣ ኤሪካ ሺንኤገር ነበረች። ከ1968ቱ የግሬኖብል ኦሎምፒክ በፊት በተደረገ ምርመራ ግን በተፈጥሮ ወንድ መሆኑ ታወቀ። ሲወለድ የወንድነት አካሉ ከውጭ ስላልታየ ሴት ነህ ተብሎ ነው ያደገው፤ ማንንም አላታለለም፣ ራሱም አያውቅም። ቀዶ ጥገና አድርጎ ኤሪክ ተባለ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ የሸርተቴ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1988 ሜዳሊያውን በገዛ እጁ ለሁለተኛዋ፣ ለፈረንሳዊቷ ማሪዬል ጉዋሸል ሰጠ። ፌዴሬሽኑ ወርቁን በይፋ ለእሷ ያጸደቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው በአንድ ቀን የጨረሰውን ቢሮ ስምንት ዓመት ፈጀበት፤ ይሄ እኛ አገር ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

ሌላም ነገር እዚያው ሆቴል ውስጥ ተወለደ። እስከዚያን ጊዜ አንድ ሸርተቴኛ ስም የሚያወጣው በሻምፒዮናው ወይም በኦሎምፒክ ብቻ ነበር፣ እሱም በየሁለት ዓመቱ። በዚያች ቀን ከወደቅህ ወይም ጉንፋን ከያዘህ ሁለት ዓመት ቁጭ በል። ጋዜጠኛው ሰርዥ ላንግ፣ የፈረንሳዩ አሠልጣኝ ኦኖሬ ቦኔና የአሜሪካው ቦብ ቢቲ (ቢቲ እዚህ ቦልደር የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የነበረ ነው) ዓመቱን ሙሉ ነጥብ የሚደመርበት የዓለም ዋንጫ እንዲኖር ሐሳቡን ገፉት። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ማርክ ሆድለር ተቀበለውና እዚያው ፖርቲዮ ላይ ይፋ ሆነ። በጃንዋሪ 1967 ጀርመን ውስጥ በርሽተስጋደን ላይ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ኪሊ ሊገኝ የሚችለውን 225 ነጥብ ሁሉ ጠርጎ ወሰደ።

ተሳፋሪዎቼ ኪሊን ሁሉም ያውቁታል። ፖማጋልስኪ ስላቸው ግን "በየት አገር ነው የተወዳደረው?" ይሉኛል። ያ ምሰሶ የሌለው ሊፍት ፖርቲዮ ላይ ዛሬም ይሠራል፤ ሮካ ጃክ የሚባለው ቁልቁለት ላይ፣ በየዓመቱ ናዳ በሚወርድበት ቦታ።